የእርስዎ ግብርና የእኔ መዋጮ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎ አባቴ፤ ደጀን።

ይህን ወረቀት በሰው እጅ የምልከው በስልክ የጀመርነውን ጨዋታ መሥመሩ እየቆረጠ አላስጨርስ ስላለን ነው። ድሮ ቢሆን ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅ ይነግርዎ ነበር፤ እሱም ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ተቋረጠና ወሬ አቀባዩ እኔ ሆንኩ።

የጠየቁኝን አልረሳሁም። «መንግሥታችን ዋሽንግተን ላይ ፈረንጅ ቀጥሮ ያስወራል ይላሉ። ሰውዬው ጠበቃ ነው ደላላ? እናንተም በመዋጮ ትቀጥራላችሁ አሉ። ለመሆኑ እዚያ አገር ሕግ የሚወጣው በገንዘብ ነው?» አሉኝና ስልኩ ጠፋ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን በሆዴ ይዤ እዞራለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። የአሜሪካኑን ነገር ስጽፍ ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ሰባት ስምንት እየቀነሱ ይከተሉኝ።

የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ያለው ኬ ጎዳና በሚሉት ሰፈር ነው፣ ከዋይት ሐውስ ብዙ አይርቅም። ጎዳናው የወትዋቾች ሰፈር ተብሎ ስሙ ወጥቷል፤ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ከሄዱ ቆይተዋል፣ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ጠዋት ቁልፋቸውን ተቀብዬ መኪናቸውን ወደ ምድር ቤት ከማወርድላቸው ሰዎች ውስጥ ይህን የመወትወት ሥራ የሚሠሩ አሉ። ሰላምተኞች ናቸው፣ ጉርሻም ይሰጣሉ። የመድኃኒት ፋብሪካ፣ የጡረተኞች ማኅበር፣ የበቆሎ ገበሬዎች፣ የጠመንጃ ባለቤቶች፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የውጭ መንግሥት፣ ማንም ይሁን ማን ከመንግሥት የሚፈልገው ወይም የሚፈራው ነገር ካለ እነሱን ይቀጥራል። ሎቢስት ነው የሚባሉት። በሕግ የተመዘገቡት ብቻ ከ12 ሺህ በላይ ናቸው፤ በ2023 አንድ ዓመት ብቻ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለዚህ ሥራ ተከፍሏል። ሕግ አውጪዎቹ ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች ተደምረው 535 ሰዎች ናቸው። ለአንዱ ተመራጭ ከሃያ በላይ ወትዋች ይደርሰዋል ማለት ነው።

ጉቦ እንዳይመስልዎ። ጉቦ እዚህም ያሳስራል፣ ስለሱ ኋላ እነግርዎታለሁ። ይህኛው በሕግ የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም ሰው ለመንግሥት አቤት የማለት መብቱ እንዳይነካ በ1791 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ጽፈውታል፣ ወትዋቾቹም መከታቸው እሱ ነው። ሥራው በአብዛኛው ወረቀት ማቀበል ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ከሥሩ ጥቂት ረዳቶች አሉት፤ ብዙዎቹ ገና ሃያዎቹን ያላገባደዱ ልጆች ናቸው። አንዲት ልጅ የእርሻውንም፣ የጤናውንም፣ የአፍሪካውንም ጉዳይ ብቻዋን ይዛ ታገኛታለህ ይላሉ። ወትዋቹ ሁለት ገጽ አሳጥሮ፣ ቁጥሩን አስተካክሎ፣ አንዳንዴም የሕጉን አንቀጽ ራሱ አርቅቆ ይሰጣታል። ጊዜ ያጣ ሰው የተዘጋጀ ነገር ሲያገኝ አይገፋም። በዚያ ላይ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፤ ለቅስቀሳ ገንዘብ ይፈልጋል፣ የመዋጮ እራት ያዘጋጃል፣ ወትዋቹም እራቱ ላይ አይቀርም። የውጭ መንግሥት ለምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጥ ሕግ ይከለክላል፤ የቀጠረው አሜሪካዊ ግን ከራሱ ኪስ መስጠት ይችላል።

ገንዘቡ የሚገዛው ቀጠሮውን እንጂ ድምፁን አይደለም ብለው ይከራከራሉ። አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ይመስለኛል። ግን ቀጠሮ ማጣት ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማን ይነግርዎታል? በእኛ አቆጣጠር በ1989 መሬት ሲሸጋሸግ፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ ተብሎ «ቢሮክራት» የሚል ስም ተለጠፈብዎና ከአራት ቃዳ በላይ አይገባዎትም ተባሉ። ለራፖር ጸሐፊ ከፍለው ማመልከቻ አስጻፉ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ ስንቅዎ እስኪያልቅ ተቀመጡ። የጎጃም ገበሬ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሲል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈውት ሲወጡ፣ እርስዎም ከመንገደኞቹ አንዱ ነበሩ። ያችን ማመልከቻ ከፍቶ ያነበበ ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አናውቅም። እዚህ የሚሸጠው እንግዲህ ያ ለእርስዎ የጠፋው ነገር ነው፦ በሩን አስከፍቶ፣ ወንበር አስቀርቦ፣ ወረቀትዎን የሚያስነብብ ሰው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ከ97ቱ ምርጫ በኋላ የሆነውን ያስታውሳሉ። ያኔ ዶናልድ ፔይን የሚባሉ የኒው ጀርሲ ተመራጭ ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ኤች አር 2003 ነበር የምንለው። የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ፣ ዳኛው በነጻነት ይፍረድ፣ ጋዜጣ ይጻፍ፣ ይህ ካልሆነ ለጸጥታው ክፍል የሚሰጠው እርዳታ ይገታ የሚል ነው። እኔ ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ፊርማ እናሰባስባለን፣ መዋጮ እናዋጣለን፣ ከሥራ የተረፈን ሰዓት ደግሞ ክራቫት አስረን የምክር ቤቱን ኮሪደር እንዞራለን። ክራቫቱን የሚያስርልኝ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ነበር፤ እኔማ ከዚያ በፊት ለሠርግ እንኳ አስሬ አላውቅም።

ኤምባሲያችን በበኩሉ ዲኤልኤ ፓይፐር የሚባል ትልቅ የሕግ ድርጅት ቀጠረ። ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ ዲክ አርሚ ነበሩ፤ የቴክሳስ ሰው፣ ከ1995 እስከ 2003 በተወካዮች ምክር ቤት የአብላጫው ወገን መሪ። የትናንት መሪያቸው ደውለው ሲጠሯቸው የትኛው ተመራጭ ስልኩን አያነሳም? ሕግ ማውጣቱን ይተዉና ሕግ አውጪዎቹን ወደ መወትወት ይዛወራሉ፤ እዚህ ይህ የተለመደ ነው፣ የሚያፍርበትም ብዙ ሰው አላየሁ። ድርጅቱ ለአባላቱ ቢሮዎች ያሰራጨው ማስታወሻ ረቂቁ የሁለቱን አገሮች ደኅንነት ይጎዳል የሚል ነበር። ጥቅምት 2 ቀን 2007 የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን አጸደቀው፣ እኛም ጨፈርን። ከዚያ ወደ ሴኔቱ ተላለፈና እዚያው ሞተ። ድምፅ እንኳ አልተሰጠበትም።

አርሚ ገደሉት ብዬ አልምልም። የእኛ ጦር በ2006 መጨረሻ ሶማሊያ ገብቶ ነበር፤ ለአሜሪካ መንግሥት ከማንም ወትዋች ይልቅ የሚሰማ አንደበት ያ ነበር። የኦክላሆማው ሴናተር ጂም ኢንሆፍ ረቂቁን የተቃወሙት ኢትዮጵያ ወዳጃችን ናት ብለው ነው፤ ሰውዬው አገራችንን ተመላልሰው ያዩ ነበሩ። የተቀጠረ ሰው የሚያምርበት ደንበኛው ለአሜሪካ የሚያስፈልግ ሲሆን ነው። ይህን እዚህ ያሉ ወገኖቼ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል፤ ገንዘብ ካዋጣን ተራራ እናንቀሳቅሳለን ይላሉ።

እኔን ሲቆረቁረኝ የኖረው ሌላ ነው። የዚያ ድርጅት ክፍያ ከመንግሥት ካዝና ወጣ። ካዝናው ውስጥ ደግሞ የአራት ቃዳዎ ግብር አለ፣ በየገበያው የሚቆረጥብዎ ቀረጥ አለ። እኔ በበኩሌ ለእርስዎ ልልክ ከምችለው ቀንሼ ረቂቁ እንዲያልፍ አዋጣ ነበር። የእርስዎ ግብርና የእኔ መዋጮ በአንድ ኮሪደር ተገናኝተው ሲከራከሩ ዋሉ። ሁለታችንም የምንፈልገው ደግሞ አንድ ነበር፣ የታሰሩት እንዲፈቱ። ለማን እንደሚከፈልልዎ ግን እርስዎን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በጥር 2017 እንደገና ሆነ። ኤምባሲው ኤስጂአር የሚባል ድርጅት ቀጠረ፤ በወር 150 ሺህ ዶላር። በብር አባዝቼ ልነግርዎ አስቤ ተውኩት፣ እንቅልፍ እንዳይነሳዎ። አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፣ ባሕር ዳር ላይ በተቃውሞ ሰልፍ የወደቁት ልጆች ገና ሙት ዓመታቸው አልደረሰም። ገንዘቡን ማን ነገረህ ካሉኝ፣ ውሉን ራሴ አነበብኩት። አሜሪካኖች በ1938፣ ናዚዎች በተቀጠረ አፍ እንዳይሰብኩባቸው ሲሉ ያወጡት ሕግ አለ፤ ለውጭ መንግሥት የሚወተውት ሰው ውሉንና ክፍያውን ለፍትሕ ሚኒስቴራቸው ያስመዘግባል፣ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። የአገሬ መንግሥት በእኛ ገንዘብ የተዋዋለውን የሰው አገር መዝገብ ውስጥ፣ ጋራዥ ቁጭ ብዬ በስልኬ አነበብኩት። ደስ አይልም፣ ግን የአሜሪካኑን ሕግ ወደድኩላቸው።

በዚያው ዓመት የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128ን አቀረቡ። ልብ ይበሉ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ከደጋፊዎቹ ፊት ከቆሙት አንዱ የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ነበሩ። የኮፍማን ወረዳ አውሮራ የምትባለውን ከተማ ይይዝ ነበር፤ አውሮራ ውስጥ የእኛ ሰው ሞልቷል፣ ዜግነት ወስዷል፣ ይመርጣል። ወረዳው ደግሞ ያኔ ሁለቱ ፓርቲዎች አንገት ለአንገት የሚተናነቁበት ነበር። ኮፍማን በየሬስቶራንቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አብረውን ይቆሙ የነበረው ለዚህ ነው። በወር 150 ሺህ ዶላር የሚከፈለው ድርጅት በአንድ ወገን፣ የአውሮራ ታክሲ ነጂና ሆስፒታል ሠራተኛ በሌላ ወገን፤ ሚያዝያ 10 ቀን 2018 የውሳኔ ሐሳቡ ጸደቀ። ዶክተር ዐቢይ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና ስምንት ቀናቸው ነበር። ሕግ አልነበረም፣ ማንንም አያስገድድም፤ ሐሳብ መግለጫ ነው። ግን ከሁለቱ የትኛው እንደከበደ አየሁ። ኮፍማን በዚያው ዓመት ኅዳር ተሸንፈው ከምክር ቤት ወጡ፤ የእኛ ሰው ድምፅ በር ያስከፍታል እንጂ ምርጫ ብቻውን አያሸንፍም። በ2019 ያችኑ አውሮራን በከንቲባነት ተመረጡ።

ስለ ዓባይ ደግሞ ሳልነግርዎ አላልፍም፤ ከሠፈራችሁ አፋፍ ሥር የሚያልፈው ወንዝ ነውና። የጤፍ ሽያጭዎን ቦንድ የገዙበት ወረቀት በሳጥኑ ውስጥ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። የሕዳሴው ግድብ ጉባ ላይ ሲሠራ ዋሽንግተን ላይም ሙግት ነበረበት። በ2019 መጨረሻ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስቲቨን ምኑችን በግድቡ የሚከራከሩትን ሦስት አገሮች ጠርተው ማደራደር ጀመሩ። በየካቲት 2020 ኢትዮጵያ በመጨረሻው ስብሰባ አልገኝም አለች። በክረምቱ የመጀመሪያው ውሃ ተያዘ፤ በመስከረም አሜሪካ እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ እርዳታ አገደች፤ በጥቅምት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው በስልክ ሲናገሩ ዓለም ሰማ። በኅዳር ደግሞ ግብፅ ብራውንስቲን የሚባለውን ድርጅት በወር 65 ሺህ ዶላር ቀጠረች፤ ከቡድኑ ውስጥ የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ኤድ ሮይስ ነበሩበት። ኢትዮጵያ በቀጣዩ ጥር ቬነብል የሚባለውን ቀጠረች፣ ከግብፅ ባነሰ ክፍያ። በየካቲት 2021 አዲሱ የባይደን መንግሥት የእርዳታው እገዳ ከግድቡ ጋር አይያያዝም አለ።

ለዚህ አንድ ጉዳይ የእርስዎ ግብርና የእኔ መዋጮ በአንድ ወገን ቆሙ። ያን ሰሞን ጋራዡ ውስጥ ስንት ፈረንጅ ስለ ዓባይ እንዳስተማርኩ! መኪናው እስኪወጣለት ድረስ የሚጠብቅ ሰው መሸሻ የለውም። አንዱን ደንበኛ፣ ከውሃው አብዛኛው የሚነሳው ከእኛ ደጋ ነው፣ የአባቴ ቤት ግን ማታ በኩራዝ ነበር ስለው ደንግጦ ቆመ። እሱ ለማን እንደሚወተውት ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ጉቦውን እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። የሴኔቱን የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በሰብሳቢነት የመሩት የኒው ጀርሲው ቦብ ሜኔንዴዝ ቤታቸው በ2022 ሲፈተሽ በየካፖርቱና በየፖስታው የተሸጎጠ ከ480 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብና የወርቅ ጡብ ተገኘ። በሐምሌ 2024 ጉቦ በመቀበልና ለግብፅ መንግሥት ወኪል ሆነው በመሥራት ጥፋተኛ ተባሉ፤ 11 ዓመት ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ክሱ ውስጥ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ በ2020 የጻፉት ደብዳቤ ነው፤ የሕዳሴው ግድብ ድርድር ቆመ፣ ያሳስበኛል ብለው ለግምጃ ቤቱና ለውጭ ጉዳይ ኃላፊዎች የላኩት። ይህን ሳነብ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። በወር 65 ሺህ ዶላር በደረሰኝ መቅጠር እየተቻለ፣ ወርቅ በካፖርት መሸጎጥ! ሳቁ ግን አልቆየልኝም። በደረሰኝ የተገዛው ደብዳቤና በወርቅ የተገዛው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው መዝገቡ ብቻ ነው።

እኚሁ ሴናተር በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በ2021፣ ከሌሎች ሴናተሮች ጋር በኢትዮጵያ ላይ የማዕቀብ ረቂቅ አቅርበው ነበር። የተፈረደባቸው በዚያ ረቂቅ አይደለም፣ አላቀላቅልም። ያ ዓመት የእኛን ሰው ለሁለት የከፈለ ነበር። አንዱ ወገን ማዕቀቡ ይቁም፣ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ ንግድ አታስወጡን ብሎ ሲሰለፍ፣ ሌላው እጥፍ አድርጋችሁ ቅጡ ብሎ ይሰለፋል። ሁለቱም አሜሪካዊ ዜጋ ነው፣ ሁለቱም ተመራጩ ጋ ይገባል። ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች፣ የሐዋሳ ፋብሪካ ልጃገረዶች ዕዳውን ከፈሉ። አብሮኝ የሚሠራው የአድዋ ልጅ ነው፤ እሱ በአንዱ ሰልፍ፣ እኔ በሌላው ወጥተን ሰኞ ጠዋት ቁልፍ እንቀባበላለን። ከገዛ ዘመዶቹ ስንቱን እንደቀበረ የነገረኝ ከብዙ ወር በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ጦርነቱ እናንተው በር ላይ ነው። ከነሐሴ 2023 ወዲህ እዚህ ስለ አማራ የሚያዋጣና የሚያሰባስብ ስብስብ በዝቷል፤ ሁሉም ዋሽንግተንን እናናግራለን ይላል። እርስዎም «መዋጮው ይደርሳል ወይ?» ማለትዎ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ አንድ መልስ አለኝ፤ ማንን ቀጠራችሁ፣ በስንት፣ ውሉ የት ተመዘገበ? ውሉን ላሳየኝ አዋጣለሁ። ላላሳየኝ ቡና ጋብዤው እሸኘዋለሁ፤ በዚህ የተቀየሙኝ አሉ።

ይልቅ በነጻው በር ልገባ አስቤያለሁ። እኔ መራጭ ነኝ፤ የወረዳዬ ተመራጭ እዚሁ ቅርብ ቢሮ አላቸው፣ ቀጠሮም በደብዳቤ ይያዛል። ሠፈሩ ውስጥ ካሉ የጎጃም ልጆች ጋር ተነጋግረናል፤ የአድዋውም ልጅ እመጣለሁ ብሏል፣ እሱ የሚናገረው አለው። የምታነጋግረን ያችው ሁሉን ጉዳይ የያዘች ወጣት ረዳት ናት። ለሷ ስለ ታሪካችን ሰዓት ሙሉ ብንደሰኩር አትጽፈውም። የምትጽፈው ቁርጥ ያለ ነገር ሲነገራት ነው።

ስለዚህ አባቴ፣ ይህን ላመጣልዎ ሰው መልሱን ይስጡልኝ። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ተከፍቷል? ስንት ክፍል ነው የሚያስተምረው? ማዳበሪያ በወቅቱ ገባ ወይስ ዘር ካለፈ በኋላ፣ ኩንታሉስ ስንት ተሸጠ? የዓባይ በረሃው መንገድ በተዘጋ ጊዜ ወላድ ወዴት ትወሰዳለች? በጤና ጣቢያው መድኃኒት አለ? ያዩትን ብቻ፣ በየትኛውም ወገን የተደረገ ቢሆን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያስጽፉልኝ። የሰው ስም አያስገቡ፤ የእርስዎንም ስም አልጠራም። የጎረቤቶቹን ልጆች ይጠይቋቸው፣ እጅ ጽሕፈታቸው ከእርስዎ ይነበባል፤ አይቆጡኝ።

ከሰውዬው ጋር የላኩት የጉልበትዎ ቅባትና የመነጽሩ መስታወት ነው። ጋቢውን በሚቀጥለው። እታለምን፣ አክስቶቼን፣ የንስሐ አባታችንንም ይሳሙልኝ። ይመርቁኝ።

ልጅዎ